የመጨረሻዎቹ አርባ ሴኮንዶች

ደብዳቤው ከቴፑ ሳጥን ውስጥ ዱብ ሲል ለካርቱኑ ስርጭት የቀረው አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር።

ጆሮ በመጀመሪያ አሮጌ ደረሰኝ መስሏት ልትጥለው ነበር። እጇን የያዛት የእጅ ጽሑፉ ነው። ያንን ወደ ግራ ዘመም የሚል ፊደል ፒያኖ ቃኚው በየማክሰኞው የስቱዲዮው ፒያኖ ላይ ከሚተወው ብጣሽ ወረቀት ታውቀዋለች፤ "ሦስት ክሮች አጥብቄያለሁ፤ ክዳኑ ላይ ብርጭቆ አታስቀምጡ" ይል ነበር። አሁን ግን በዚያው ፊደል የተጻፈው የመጀመሪያ ቃል "ጆሮዬ" የሚል ነው። እዚያው የቴፕ መደርደሪያዎቹ መሃል ቁጭ አለች።

ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የቴሌቪዥን ጣቢያው የድምፅ ባለሙያ ናት፤ ሌላው ሰው "እንዴት ጸጥ ያለ ክፍል ነው" ሲል እሷ "ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ያንጠባጥባል" የምትል ልጅ። ይህን ሁሉ ጆሮ ይዛ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ሲጠራት አለመስማቷ ነው እንግዲህ የዛሬው ጉዳችን።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቴፕ ሠላሳ ዓመት የሞላው የበዓል ካርቱን ነው። ታሪኩ የአንዲት ኤሊ ነው። ከኮረብታው ማዶ ያሉ ወዳጆቿ ለበዓል ይጠሯታል፤ በጠዋት ተነሥታ መንገድ ትጀምራለች፤ ስትደርስ ግን በዓሉ አልፏል፣ ሳህኑ ታጥቧል፣ መብራቱም ጠፍቷል። እሷም እንደ ምንም ደፍራ በሩን ታንኳኳለች። ሙዚቃው ደግሞ፣ ማን እንዳሰበው እንጃ፣ ጃዝ ነው። ፒያኖ፣ በብሩሽ የሚዳበስ ከበሮና ቁመቱ ሰው የሚያህል ባስ አብረዋት ይሄዳሉ። በየዓመቱ አንድ ዐዋቂ ነኝ ባይ "ጃዝ ለልጅ ይሆናል?" ብሎ ለጣቢያው ይጽፋል፤ በየዓመቱም ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል።

ቴፑ እንዳያልቅ ተብሎ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጫወተው። ከበዓሉ በፊት ሳጥኑን ከፍታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ ሰምታ የምትዘጋው ጆሮ ናት። ዓምና ግን አልከፈተችውም። ሥራ አስኪያጁ፣ ማለትም የገዛ አባቷ፣ ከበዓሉ ወራት ቀደም ብለው ካርቱኑን ማስታወቂያው እስከሚገባበት ድረስ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠው ስለነበር ሳጥኑ በመደርደሪያው ላይ እንደተዘጋ ከረመ። ይህን ለፒያኖ ቃኚው ማን ይንገረው?

ዘንድሮ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ለሠላሳኛው ዓመት ብለው የቅጂውን ሙዚቃ አስፍቀው በአዲስ አስተኩት። የሚዘል፣ የሚያጨበጭብ፣ "ልጆች ሳቁ እንጂ!" የሚል ሙዚቃ ነው። የዛሬ ሦስት ቀን የሠራተኛው ልጆች ተሰብስበው እንዲያዩት ተደረገ። ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግማሾቹ ወንበር ሥር ገብተው ይጎናተሉ ጀመር። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ግን ቅር ብሏት ጠየቀች።

"ኤሊዋ ለምንድን ነው የምትቸኩለው? ማን እያባረራት ነው?"

ሥራ አስኪያጁ ወግ አጥባቂ ሰው ቢሆኑም ሳቅ አመለጣቸው። ነገሩ እውነት ነበር። አሮጌው ሙዚቃ ኤሊዋን ይጠብቃታል፤ ስትቆም ይቆማል፣ ስትፈራ ባሱ ብቻ ቀስ ብሎ አጠገቧ ይራመዳል። ልጅን "አሁን ሳቅ፣ አሁን አልቅስ" ብሎ አያዝም። ልጅ ደግሞ የሚያከብረውን ያውቃል። "ይሁን፣ አሮጌው ይተላለፍ" አሉ፤ አሮጌው ያለውም ቴፑ ላይ ብቻ ነበር። ጆሮ ዛሬ ሳጥኑን የከፈተችው በዚህ ምክንያት ነው።

ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ አነበበች።

"ጆሮዬ፣

በአፌ ልነግርሽ ስንት ማክሰኞ ሞከርኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ማዳመጫሽን አድርገሽ ስታዪኝ የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል፤ አንድ ቀን እንዲያውም ደህናውን ክር አላልቼ ወጥቻለሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ይህን ሳጥን በዓመት አንዴ አንቺ ብቻ እንደምትከፍቺው አውቃለሁ።

እወድሻለሁ። ይኸው፣ ወጣልኝ።

የአባትሽ ሐሳብ አልጠፋኝም። እኔ የበር ጠባቂ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ቤት የምወጣው በጓሮው የብረት ደረጃ ነው። ግን ስሚኝ። ኤሊዋ በሩ ከተከፈተላት በኋላ አባቴ ባሱን ለብቻው የተጫወተባት አርባ ሴኮንድ አለች። በየዓመቱ ለሳሙናው ማስታወቂያ ተብላ ትቆረጣለች። አባቴ ራሱ ከተጫወታት ቀን ወዲህ ሰምቷት አያውቅም። እሺ ካልሽኝ በበዓሉ ቀን አትቁረጫት። ከታች ሆኜ ስሰማት በዋናው ደረጃ ወደ አንቺ እወጣለሁ። ከቆረጥሻት ግን ይገባኛል። አላስቸግርሽም፤ ፒያኖውን ቃኝቼ እሄዳለሁ።"

ቀኑን አየችው። ዓምና፣ ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት።

ዓምና በዚያች ሰዓት ምን ታደርግ ነበር? ቁልፉን ተጭና ሳሙናውን አስገብታ፣ ጣቶቿን አፍታታ ሻይዋን ፉት ብላለች! እሱ ደግሞ ከታች፣ በር ላይ፣ ልቡን ተሸክሞ ይጠብቅ ነበር።

ያ ሁሉ አሁን ገባት። ከዓምናው በዓል ወዲህ ቃኚው ቀና ብሎ አይቷት አያውቅም። ይመጣል፣ ይቃኛል፣ ይወጣል። እሷ ደግሞ አባቷ ለትዳር ያሰቡላትን መሐንዲስ ወሬ ሰምቶ ንቆኛል ብላ ደምድማ፣ "አንተ ካልፈለግህ እኔ ምን ገዶኝ" ብላ ፊቷን አዞረች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የነሱ ዝምታ ግን ዓመት ሙሉ ነቅዞ ነው የከረመው። ያለፈው ማክሰኞ ፒያኖው ላይ ያገኘችው ብጣሽ "ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሌላ ቃኚ ፈልጉ" ይል ነበር። ሩቅ ከተማ ያለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቀጥሮታል። አውቶቡሱ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል።

ካርቱኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጀምራል። ርዝመቱ ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው።

"ወይኔ!" አለችና ተነሣች። ስልኩ ላይ ደወለችለት፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ ነው። ቴፑን በብብቷ ይዛ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ሦስቱን ፎቅ ቁልቁል በረረች። ያየ ሰው እሳት ተነሥቷል ይል ነበር፤ በእርግጥም ተነሥቷል።

በር ጠባቂው ጥበቃ ክፍላቸው ውስጥ ትንሿን ቴሌቪዥን እየወለወሉ ነበር። እኚህ ሰው በጉብዝናቸው ያንን ባስ የተጫወቱት ናቸው። ግራ እጃቸው በመኪና አደጋ ከተጎዳ በኋላ ጣቢያው በር ላይ አስቀመጣቸው፤ "ጥሩ ሥራ ነው፣ ሰው ይመጣል ሰው ይሄዳል" ይላሉ፣ ስለ ባሱ ግን ለሰው አያወሩም።

"ጋሼ! ልጅዎ የት ነው ያለው?"

"ምነው ልጄ፣ በባዶ እግርሽ? አክስቱን ሊሰናበት ሄዷል። ሻንጣው ይኸው። አሥር ተኩል ላይ መጥቶ ይወስዳል፤ ከዚያ ወደ አውቶቡሱ።"

"ከአሥር ተኩል በፊት አይመጣም?"

"ምን ብሎ? ዓምና ካርቱኑን እዚህ አብረን አየንና እንደ ሞተ ሰው ደርቆ ወጣ። ምን ነካህ ብለው አልመለሰልኝም። ዘንድሮ እንዳላየው ብሎ እኮ ነው ሰዓቱን ያዘገየው።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። ሁሉን ልትዘረግፍላቸው አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ትበል? ልጅዎ ይወደኛል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ሁለታችንም ደደቦች ነን? መልሱን በሰው አፍ መላክ አልፈለገችም። እሱ የጠየቃት በባስ ነው፤ እሷም የምትመልሰው በባስ ነው።

"ጋሼ፣ በእናትዎ ይለመኑኝ። ይደውሉለት፣ ለአክስቱም ይደውሉ። ሻንጣው ተሰረቀ ይበሉት፣ የፈለጉትን ይበሉት፤ ብቻ ከአሥር ከሃያ በፊት እዚህ ይሁን። ቴሌቪዥኑንም ይክፈቱት፤ ድምፁን እስከ ጥግ!"

በር ጠባቂው ትንሽ አዩዋት። ከዚያ በደህናው እጃቸው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና "በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ ለአንቺ ስል ግን ሻንጣው ተሰረቀ" አሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ኤሊዋ ጉዞዋን ጀመረች።

የስርጭት ክፍሉ ጠባብ ነው። ጆሮ ከቁልፎቹ ፊት፣ አጠገቧ ደግሞ መነጽሩ የሚባሉት አንጋፋው የምስል ቴክኒሺያን ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዕለቱ ፕሮግራም እንዲህ ይላል፦ "22 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ፣ በሩ እንደተከፈተ ማስታወቂያ።" ቴፑ አርጅቷል። ከበሮው አልፎ አልፎ ይነጥፋል፣ ፒያኖው ከአቧራ ኋላ ያለ ይመስላል። ሆኖም ኤሊዋ ወንዙ ዳር ደርሳ ስትቆም ባሱም ቆመ፤ እግሯን ውሃው ውስጥ ስትነክር ባሱም አንድ ድምፅ ጠብ አደረገ። ጆሮ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። በአምስት ዓመቷ ሶፋ ላይ ተኝታ እግሯን በዚያ ምት ትወዘውዝ ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ምት ደረቷ ውስጥ ይመታል። መጣ ይሆን? በሩ ላይ ነው? ወይስ አክስትየው ካልበላህ ብላ ይዛዋለች?

"አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ በአንቺ መንቀጥቀጥ ሊፈርስ ነው" አሉ መነጽሩ። "ምን ሆነሻል?"

"ዛሬ ሳሙናውን አላስገባም፣ ጋሽ መነጽሩ።"

መነጽሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ይህን የሚያደርጉት ነገር ሲከብዳቸው ብቻ ነው። መልስ ሳይሰጡ በሩ ተከፈተና ሥራ አስኪያጁ በበዓል ልብሳቸው ገቡ።

"እንዴት ነው? የሳሙናው ድርጅት ሰዎች ታች እንግዳ ክፍል ሆነው እያዩ ነው። እንዳታዘገዩ።"

ጆሮ ከወንበሯ ተነሣች። ሃያ ደቂቃ አልፏል።

"አባዬ፣ ዛሬ መጨረሻውን አልቆርጥም። አርባ ሴኮንድ ናት። ከዚያ ሳሙናውን ሁለት ጊዜ አሳያለሁ።"

"የምን መጨረሻ? በሩ ሲከፈት አለቀ እኮ።"

"አላለቀም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አለቀ እያልን ነው እንጂ አላለቀም።" ደብዳቤውን ዘረጋችላቸው። "ያንብቡት። ከዚህ በኋላ የምደብቀው የለኝም።"

አነበቡት። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

"ፒያኖ ቃኚው? የበር ጠባቂው ልጅ?"

"አዎ።"

"እኔ ላንቺ ስንት ነገር አስቤ…"

"አውቃለሁ፣ አባዬ። ያሰቡልኝ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን እኔ የምወደው እሱን ነው። ዓመት ሙሉ እየወደድኩት፣ ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው ስሰናበተው ከረምኩ። ዛሬ ቁልፉን ብጫን የምቆርጠው ሙዚቃ አይደለም፤ የራሴን ዕድሜ ነው!"

"ሃያ ሁለት" አሉ መነጽሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ስክሪኑ ላይ ኤሊዋ ጨለማው ቤት ፊት ቆማለች። አንኳኳች። ከበሮው ዝም፣ ፒያኖውም ዝም አለ። በሩ ተከፈተ፤ ብርሃን በድንጋይ ልብሷ ላይ ወረደ። ጆሮ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች።

"ሃያ ሁለት ከአሥራ ስምንት።"

ሥራ አስኪያጁ ተንደርድረው ራሳቸው እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱ።

የባሱ የመጀመሪያ ድምፅ ያን ጊዜ ወጣ፤ እጃቸውም አየር ላይ ቀረ።

ድምፁ አዲስ ነበር! ሃያ ሁለቱ ደቂቃዎች በሠላሳ ዓመት ጨዋታ አልቀዋል፤ እነዚህን አርባ ሴኮንዶች ግን ከተቀዱበት ቀን ወዲህ ማንም አልነካቸውም። አቧራ የለ፣ መንጠፍ የለ። ጣቶቹ ክሩ ላይ ሲንሸራተቱ ይሰማል፤ ተጫዋቹ አየር ሲስብ ይሰማል። ያ ትልቅ ባስ ትናንት ማታ የተቀዳ ይመስል ክፍሉን ሞላው። ኤሊዋ ደፉን ተሻገረች፤ ወዳጆቿ አንድ በአንድ እየነቁ መጡ፤ ባሱ እየሳቀ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ ደግሞ እየዘለለ ተከተላት። እንዲህ ያለ ደስታ በአራት ክር እንደሚወጣ ጆሮ አታውቅም ነበር። እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ ሳቀች።

ሥዕሉ ጠቆረ። ባሱ አበቃ። ማይኩ ግን በዚያ ዘመን ሳይዘጋ ቀርቶ ነበርና፣ ከጥቁሩ ስክሪን ውስጥ የአንድ ወጣት ሰው ጩኸት ወጣ።

"አንተ ሰውዬ! ወንድሜ! ሴት ልጅ ነው የምወልደው፤ መጀመሪያ የማሰማት ይህንን ነው!"

ሌላ ድምፅ እየሳቀ መለሰለት፦ "አንተ፣ መጀመሪያ ሚስት አግባ!"

ከዚያ ቴፑ አለቀ። ይህ ሁሉ በአየር ላይ፣ በየሰዉ ሳሎን ገብቷል።

መነጽሩ ማስታወቂያውን አስገቡ። ሥራ አስኪያጁ የገዛ ጉብዝናቸው ድምፅ ፊት ለፊት አግኝቷቸው፣ እጃቸውን ከአየር ላይ ማውረድ ረስተዋል።

"ሚስት አግባ ያለኝ እሱ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው ይመስል። "ሠርጌ ላይ የተጫወተውም እሱ ነው። እጁ ሲጎዳ ሥራ ሰጠሁት አልኩና ውለታዬን የጨረስኩ መሰለኝ። በዚያ በር በቀን ሁለት ጊዜ አልፋለሁ፤ የመኪናዬን መስታወት ዘግቼ።"

"አባዬ…"

"አላሰማሁሽም። ቃል ገብቼ አላሰማሁሽም።" ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና በሩን ከፈቱ። "ታች ልውረድ። እሱንም ማነጋገር አለብኝ። አንቺ እዚሁ ቆዪ፤ እንግዳ ይመጣብሻል።"

ጆሮ ቆየች። መቆየት ከተባለ። ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ላይ አውልቃ ወደ ኮሪደሩ አዳመጠች። አባቷ ዋናውን የድንጋይ ደረጃ ሲወርዱ ሰማች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከወደ ታች ግን ምንም የለም። አልመጣም። አውቶቡሱ ውስጥ ነው። ቀድሞ ሄዷል።

ከዚያ ሰማች። ሩቅ፣ መሬት ፎቅ ላይ፣ የብረቱን ደረጃ ብቻ የሚያውቁ ጫማዎች ድንጋዩን ረገጡ። መጀመሪያ በፍርሃት፣ አንድ አንድ እያሉ። ከዚያ ሁለት ሁለት ደረጃ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው ተገናኙ፤ ሁለቱም ቆሙ።

ምን ተባባሉ? ያ ሁሉ ጆሮ እዚህ ላይ አልጠቀማትም፤ የሰማችው ማጉረምረም ብቻ ነው፤ ከዚያም መዳፍ ትከሻ ላይ ሲያርፍ የሚወጣ ድምፅ። የአባቷ እርምጃ ወደ ታች ቀጠለ። የሌላው ግን መራመዱን ትቶ ሮጠ።

በሩ ላይ ሲደርስ አንድ እጁ ሻንጣ ይዟል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ዓመት ሙሉ መሬት መሬት ያዩ የነበሩት ዓይኖች ቀጥ ብለው አዩዋት።

"ሻንጣው ተሰረቀ ብለውኝ ነው የመጣሁት" አለ። "በሩ ላይ ስደርስ… ባሱ ይሰማል፤ አባቴ ቴሌቪዥኑን አቅፎ ያለቅሳል። ጆሮዬ፣ አረፈድኩ?"

"ዓመት አረፈድክ!"

"አንቺስ?"

"እኔም ዓመት። ደብዳቤህን ዛሬ ነው ያገኘሁት፤ ዛሬ ቀን!" ትሳቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለቱም አልበቃትም። "ሳጥኑን ዓምና አልከፈትኩትም። ብከፍተው ኖሮ ዓምና ነበር አልቆርጥም የምለው። እሺ ነው፣ ትሰማኛለህ? መልሴ እሺ ነው!"

ሻንጣው ከእጁ ወደቀ። እሷ ሮጠች ይሁን እሱ ማንም አላየም፤ መነጽሩም ቢሆኑ ጨዋ ሰው ናቸውና መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ነበር።

ስልኩ መጮህ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይጮሃል። መነጽሩ አንዱን አነሡት፤ ትንሽ ልጅ ናት። ከልጅቷ ጀርባ እናቷ "ንገሪያቸው እንጂ" ትላለች።

"ኤሊዋ እውነት ገባች? ሁልጊዜ በሩ ላይ ነበር የምትቀረው።"

መነጽሩ በሩ አጠገብ የተቃቀፉትን ሁለት ሰዎች ባልጠራ ዓይናቸው አዩ።

"አዎ ልጄ፣ ገብታለች። አሁን ገባች።"

ጆሮ ግን ይህን አልሰማችም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚንጠባጠበውን ቧንቧም፣ የሚጮኹትን ስልኮችም አልሰማችም፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስታ ጆሮዋን ደፍኖት ነበር።